ከምርምር ወደ ቤተሰብ የምህንድስና ድርጅት፦ ከጅማ የቀረበ ሐሳብና ጥያቄ

ዘንግና_ኩሽኔታ (ውይይቱን የከፈተው)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ተሳታፊዎች። ከምርምር ሥራ ወጥቼ ወደ ቤተሰቤ የምህንድስና ድርጅት ከገባሁ ወዲህ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ወጣት ወንድሞችና እኅቶች ደጋግመው ያነጋግሩኛል። «ያን ሁሉ የተማርከው ብረት ለመበየድ ነበር ወይ?» የሚሉ አሉ፤ «እኔንም የአባቴ ድርጅት ይጠብቀኛል፣ ምን ብወስን ይሻላል?» የሚሉም አሉ። ለእያንዳንዱ በየግሉ ከምመልስ ሐሳቤን እዚህ አስፍሬ፣ ከእኔ በላይ ያዩ ሰዎች እንዲያርሙትና እንዲያክሉበት መረጥሁ።

ድርጅታችን የሚገኘው ጅማ ከተማ ውስጥ ነው። አባቴና አጎቴ በአንድ ቶርኖና በአንድ የብየዳ ማሽን የጀመሩት ሲሆን፣ ዛሬ የእሸት ቡና መፈልፈያዎችንና የጀንፈል ቡና መቀሸሪያዎችን ይጠግናል፤ መለዋወጫም ይሠራል፤ አልፎ አልፎም ሙሉ ማሽን ገጣጥሞ ያስረክባል። እኔ በሜካኒካል ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪዬን ከያዝሁ በኋላ በአንድ የመንግሥት ተቋም በሌክቸረርነት አስተምር ነበር፤ የምርምር ርእሴም የመፈልፈያ ማሽን በቡናው ፍሬ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነበር። ስለዚህ ርእሴ ያው ነው፤ የተቀየረው ጥያቄውን ይዞ የሚመጣው ሰው ነው። በምርምር ዓለም ጥያቄውን እኔ እመርጣለሁ፣ ጊዜውንም እኔ እወስናለሁ። እዚህ ግን ጥያቄውን ይዞ የሚመጣው ከጎማ ወይም ከማና ወረዳ ማሽኑ የቆመበት ሰው ነው፤ ጊዜውን የሚወስነውም ቡናው ራሱ ነው። የተለቀመ እሸት በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ በክምሩ ውስጥ ሞቆ መብላላት ይጀምራልና፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት «በሚቀጥለው ሳምንት እንየው» ማለት ለገበሬው የዓመት ልፋቱን ደረጃ ዝቅ ማድረግ ነው።

ከምርምር ይዤው የመጣሁት ዋነኛ ነገር መለካትና የለኩትን መጻፍ ነው። በዲስክ የሚሠራ መፈልፈያ እሸቱን የሚያሳልፈው በሚሽከረከረው ዲስክና በማይንቀሳቀሰው ብረት መካከል ባለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ፓርችመንቱ፣ ማለት ፍሬውን የሸፈነው ስስ ቅርፊት፣ ይሰነጠቃል፣ ፍሬውም ይቆስላል፤ ከሰፋ ደግሞ እሸቱ ሳይፈለፈል ያልፋል። አስቸጋሪው ነገር የሚገባው ፍሬ ሁሉ አንድ መጠን አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን የታየውን፣ ፍሬውን የሚያበላሸውን የቡና በሽታ እንዲቋቋሙ እ.ኤ.አ. በ1974 ከተመረጡት ዝርያዎች መካከል 74110 እና 74112 ትናንሽ ፍሬ ያላቸው ናቸው፤ በአንድ የማጠቢያ ጣቢያ የእነዚህ ፍሬ ከነባር ዝርያዎች ፍሬ ጋር ተደባልቆ ሊቀርብ ይችላል። አባቴ ክፍተቱን የሚያስተካክሉት የሚወጣውን ገለፈት በእጃቸው እየዳበሱና በዓይናቸው እየመዘኑ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ልክ ናቸው። እኔ የጨመርሁት ነገር ከመውጫው መቶ ፍሬ እያነሱ የተሰነጠቀውንና ሳይፈለፈል ያለፈውን መቁጠር፣ ክፍተቱን በመለኪያ ምላጭ መለካትና ሁለቱንም በየጣቢያው መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። በዚህ የተነሣ በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያው ጣቢያ የሚሄደው ሠራተኛ ከባዶ አይጀምርም።

ሌላው ምሳሌ ኩሽኔታ ነው። የ6206 ኩሽኔታ የውስጥ ዲያሜትር 30 ሚሊሜትር ነው። ዘንጉ በኬ6 ደረጃ (ዘንጉ በኩሽኔታው ውስጥ ምን ያህል ጠብቆ እንደሚገባ በሚወስነው የልክ ደረጃ) ቢቆረጥ መጠኑ በ30.002 እና በ30.015 ሚሊሜትር መካከል መሆን አለበት፤ የተፈቀደው ልዩነት ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ብዙም አይበልጥም። ዘንጉ ከዚህ ከቀጠነ ኩሽኔታው በዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ ይበላዋል። በየወርክሾፑ የተለመደው መፍትሔ ዘንጉን በሹል ብረት ነጥብ ነጥብ እየመቱ ማጥበቅ ነው፤ ይህም ለጥቂት ጊዜ ይይዝና ኅዳር ላይ፣ ሥራው በሚበረታበት ወር፣ ይለቃል። ማይክሮሜትር ገዝተን በቶርኖው አጠገብ ካስቀመጥን በኋላ የለቀቀ ዘንግ በብየዳ ተሞልቶና እንደገና ተቆርጦ ካልሆነ በቀር ከወርክሾፓችን እንዳይወጣ ተስማማን። ይህ ስምምነት ደንበኛን አስከፍቷል፤ ዋጋው ከፍ ስለሚል።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ሞተር በተደጋጋሚ የሚቃጠልባቸው ጣቢያዎች ነበሩ፤ ሁላችንም የምናማርረው የሞተሩን ጥራት ነበር። የሞተር ጉልበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር የሚሄድ በመሆኑ በመስመሩ መጨረሻ ላይ 380 ቮልቱ ወደ 340 ቢወርድ ጉልበቱ በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጭነቱ ግን ስለማይቀንስ ሞተሩ ተጨማሪ ከረንት ይስብና ይግላል። ቮልቴጁን ምሽት ላይ፣ ጣቢያዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ በሚሠሩበት ሰዓት፣ ስንለካ ምክንያቱ ተገለጠልን። ይህ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ዕውቀት ነው፤ ሆኖም መጽሐፉን ያነበበ ሰው በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ መገኘት ነበረበት።

ከብረቱ ሁሉ የከበደኝ ጉዳይ ሥልጣን ነው። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡት ሠራተኞች ውሳኔዬን ሰምተው ወደ አባቴ ዞር ይላሉ፤ አባቴም ልጃቸውን በሰው ፊት መቃወም ስለማይወዱ ዝም ይላሉ፣ ዝምታቸውም እንደ ተቃውሞ ይቆጠራል። በመጨረሻ የደረስንበት ስምምነት እንዲህ ነው፤ አንድ ሥራ ከወርክሾፕ ይውጣ አይውጣ የሚለውን እኔ እወስናለሁ፣ ዋጋና ደንበኛ የአባቴ ነው፣ ግዢና ሒሳብ በሒሳብ ሙያ የተመረቀችው የአጎቴ ልጅ ናት። ደመወዜም እንደ ማንኛውም ተቀጣሪ በወሩ መጨረሻ ይከፈላል እንጂ ስፈልግ ከካዝና የማነሣው አይደለም። ይህን የተነጋገርነው ግን በቃል ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። እንዲህ ያለውን ስምምነት በጽሑፍና በሕግ ያጸና ቤተሰብ ካለ እንዴት እንዳደረገው ቢነግረን፤ በምርምር ላይ ያላችሁም እንደ እኔ ያለ ሰው ከምርምሩ ሳይቆረጥ በድርጅት ውስጥ የሚቆይበት መንገድ ይኖር እንደሆነ ብትጠቁሙን።

የአጋሮ_ቴክኒሻን

ወንድሜ፣ የጻፍኸው ስለ ቮልቴጅ እኛም ጋ የደረሰ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራችን ከኮሎምቢያ የመጣ፣ ውኃ የሚቆጥብ መፈልፈያ አለን፤ ማሽኑ ድንቅ ነው፤ መለዋወጫው ግን በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ በመሆኑ አንድ ጎማ ቢያልቅ እንኳ ብዙ ያስጠብቃል። በአካባቢያችን የሚሠራ መለዋወጫ ዋጋው ይቀንሳል፤ ነገር ግን የአንዱ ወርክሾፕ ሥራ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ከአንዱ ወርክሾፕ እንኳ ዘንድሮ የወጣው ከአምናው ይለያል። እኛ ገዢዎች የምንፈልገው ተመራማሪ መሆንህን ሳይሆን ሁለተኛው ዘንግ ከመጀመሪያው ጋር እኩል መሆኑን ነው፤ ያንን ካስገኘህልን ዋጋው ላይ ብዙ አንከራከርም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከእሸቱና ከውኃው ጋር የሚነካካውን ክፍል ከምን ትሠሩታላችሁ? ከተራ ላሜራ የተሠራው አንድ ወቅት ሳይሞላው ዝጎብናል።

ዘንግና_ኩሽኔታ

አመሰግናለሁ። ከእሸቱ ጋር የሚነካካውን በ304 የማይዝግ ብረት እንሠራለን፤ ብየዳውንም ለዚሁ በተዘጋጀው በ308ኤል ኤሌክትሮድ እናደርገዋለን። በተራ ኤሌክትሮድ የተበየደ የማይዝግ ብረት መጀመሪያ የሚዝገው በብየዳው መስመር ላይ ነውና፣ ሲረከቡ ያንን መስመር አይተው ይጠይቁ። እግሩንና ማቀፊያውን ግን ከተራ ብረት ሠርተን ቀለም እንቀባለን፤ ሁሉንም በ304 ብንሠራው ማኅበራት የሚችሉት ዋጋ አይሆንም።

መምህር_ከጅማ

ጽሑፉን በጥሞና አነበብሁት፤ ጥሩ ሥራ እየተሠራ መሆኑንም አልጠራጠርም። ሆኖም በጉዳዩ ላይ የተለየ አቋም አለኝ።

አንድ ሰው በመንግሥት ወጪ እስከ ሁለተኛ ዲግሪ ተምሮ ወደ ቤተሰቡ ድርጅት ሲገባ፣ የአገልግሎት ግዴታውን በሚገባ የፈጸመ ቢሆንም እንኳ፣ የሚተወው ክፍተት በቀላሉ አይሞላም። በእርሱ ቦታ የሚመደበው በአብዛኛው ገና የተመረቀ ረዳት ነው፤ ያ ረዳትም ማሽን በተግባር አይቶ የማያውቅ ይሆናል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ የመዝገቡ ጉዳይ ነው። በየጣቢያው የተለካው ክፍተት፣ የተቆጠረው ስንጥቅ ፍሬ፣ የምሽቱ ቮልቴጅ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ወርክሾፕ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፈው ከቀሩ የሚጠቅሙት አንድን ድርጅት ብቻ ነው። ቢታተሙ ግን በሌሎች ቡና አብቃይ አካባቢዎች ያሉ መሐንዲሶችም ይጠቀሙባቸው ነበር።

ምርምርና የቤተሰብ ድርጅት ተለያይተውም ተደጋግፈው መሥራት እንደሚችሉ የኮሎምቢያን ታሪክ ማየት ይበቃል። ሴኒካፌ የተባለው የቡና ምርምር ማዕከል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ይህ ማዕከል በ1990ዎቹ በተፈለፈለው ፍሬ ላይ የሚቀረውን ዝልግልግ በሜካኒካዊ መንገድ የሚያላቅቅና ገለፈቱን ያለ ውኃ የሚያጓጉዝ ዘዴ አዘጋጀ፤ በቀድሞው አሠራር ለአንድ ኪሎ ደረቅ ፓርችመንት ወደ 40 ሊትር ይወስድ የነበረውን ውኃ ከአንድ ሊትር በታች ማውረድ ተችሏል። በዚያው አገር ከ1892 ጀምሮ የቡና ማሽን የሚሠራው ፔናጎስ ደግሞ የቤተሰብ ድርጅት ነው፤ የአጋሮው ወንድማችን የጠቀሰው ዓይነት ውኃ ቆጣቢ ማሽን በማምረት ይታወቃል። ተመራማሪው በማዕከሉ ቆየ፣ ፋብሪካውም በቤተሰቡ እጅ ቆየ፤ ሁለቱም ጥቅም አገኙ። ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በተቋሙ ሆነህ የአባትህን ድርጅት ማገዝ አትችልም ነበር ወይ?

ዘንግና_ኩሽኔታ

መምህር፣ ያነሡት ጥያቄ ከሁሉ የሚከብደኝ ነውና በዝርዝር ልመልስዎት።

የአገልግሎት ግዴታዬን ፈጽሜ፣ ክሊራንሴን አጠናቅቄ፣ መልቀቂያ ይዤ ወጥቻለሁ፤ ለሚከተሉኝም የምለው ይህ ሳይጠናቀቅ አንድ እግር እንኳ አታንሡ ነው። መምህር በማስተማሩ ጎን የቤተሰቡን ሥራ ያግዝ የሚለውን ሞክሬዋለሁ። የለቀማው ወቅትና የመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ላይ ስለሚውሉ፣ ማሽን በሚቆምበት ሳምንት ወይ ክፍሌን ወይ ደንበኛውን መተው ግድ ይሆንብኛል። ክረምቱ ነጻ ነው፤ በክረምት ግን ቡና የለምና የሚለካ ነገርም የለም።

ስለ ኮሎምቢያው ምሳሌ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። የምርምር ማዕከል ያዘጋጀውን ዘዴ ፋብሪካ ተቀብሎ ማሽን ሊያደርገው የሚችለው በፋብሪካው በኩል የምርምር ጽሑፍ የሚያነብ፣ ሥዕሉን የሚረዳ፣ «ይህ በእኛ ቶርኖ አይወጣም፣ እንዲህ ብንለውጠውስ?» የሚል መሐንዲስ ሲኖር ነው። በጅማ ምርምሩ አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1992 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ትምህርትን ከማኅበረሰቡ ጋር በማስተሳሰር የሚታወቅ ነው፤ በመልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም በቡና ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሠርቷል። የጎደለው በወርክሾፑ በኩል ቆሞ የሚቀበል ሰው ነው፤ እኔ ያንን ቦታ ለመያዝ ነው የወጣሁት።

መዝገቡ ተቆልፎ እንዳይቀር የሚሉትን ግን በሙሉ ልብ እቀበላለሁ፤ በዚህ ላይ ከዚህ በታች እመለሳለሁ።

የሕግ_ባለሙያዋ

ስለ ጽሑፍ ስምምነቱ በተጠየቀው መሠረት ጥቂት ልበል። የምሰጠው አጠቃላይ ማብራሪያ ስለሆነ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከመፈረሙ በፊት ሰነዱን ለጠበቃ ያሳይ።

በመጀመሪያ ድርጅቱ በአባትህ ወይም በአጎትህ ስም የተመዘገበ የግለሰብ ንግድ ነው ወይስ ማኅበር? የግለሰብ ንግድ ከሆነ ባለቤቱ ለድርጅቱ ዕዳ በግል ንብረቱ ጭምር ተጠያቂ ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ግን አባላቱ በመሠረቱ የሚጠየቁት ባዋጡት ልክ ነው። በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 መሠረት፣ እንዲህ ያለ ማኅበር ከ2 እስከ 50 አባላት ሊኖሩት ይችላል፤ ባለ አንድ አባል ማኅበር ማቋቋምም ተፈቅዷል። ለእናንተ ዓይነቱ ቤተሰብ ብዙ አባላት ያሉት ማኅበር ይሻላል፤ በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ የእያንዳንዱ ድርሻ፣ ሥራ አስኪያጁ ማን እንደሆነና በምን ጉዳይ ላይ ብቻውን መወሰን እንደሚችል ይጻፋል። አንተ በቃል ያስቀመጥኸው የሥልጣን ክፍፍል ቦታው እዚያ ነው።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ቤተሰቦች የሚዘነጉት ነው፤ እናትህ የት አሉ? በጽሑፍህ ውስጥ አባት፣ አጎትና የአጎት ልጅ ተጠቅሰዋል። ጅማ በኦሮሚያ ክልል የምትገኝ በመሆኗ የሚሠራባት የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ በዚያም ሆነ በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ዘመን የተፈራ ንብረት የአንደኛው የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ እንደሆነ ይቆጠራል። ወርክሾፑ ከጋብቻ በኋላ የተቋቋመ ከሆነ የእናትህ ፈቃድና ፊርማ የሌለበት የድርሻ ክፍፍል በኋላ ይናጋል። የአጎትህም ባለቤት እንዲሁ።

ሦስተኛ፣ ወንድሞችና እኅቶች ካሉህ ስለ እነርሱ አሁን ተናገሩ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች፣ ወንዶችም ይሁኑ ሴቶች፣ ያለ ኑዛዜ ሲወርሱ በእኩል ነው የሚወርሱት፤ ባለ ጉዳዮቹ ፈቅደው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሲዳኙ ደግሞ አከፋፈሉ ሌላ ነው። በድርጅቱ ውስጥ ዕድሜህን ሙሉ ሠርተህ የገነባኸው እሴት ከአባትህ ድርሻ ጋር ተቀላቅሎ ከቆየ፣ በውርስ ጊዜ የአንተን ልፋት ለይቶ የሚያሳይ ወረቀት አይኖርም። ስለዚህ ስትገባ የድርጅቱ ንብረት ይገመት፣ ግምቱ ይፈረም፣ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ድርሻ በምን መልክ እንደሚያዝ ይወሰን። ይህን ማንሣት ገንዘብ መውደድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ በሥራዬ የማያቸው የወንድማማቾች ክሶች ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ይህ በጊዜው ባለመነሣቱ ነው።

ደመወዙን በተመለከተ ያደረጋችሁት ልክ ነው፤ ውሉን ጻፉት።

ነባር_የቶርኖ_ባለሙያ

ልጆቼ፣ ሁላችሁም አባትን ከውጭ ነው የምታዩት፤ እኔ ደግሞ አባት ነኝና ከዚያ ወገን ልናገር።

ወርክሾፕ ከፍቶ ልጆቹን ያስተማረ ሰው ልጁ ተመልሶ ሲመጣ ደስታውና ፍርሃቱ አንድ ላይ ነው። ደስታው የታወቀ ነው። ፍርሃቱ ግን ልጁ ሲለካ የአባቱ ሥራ ሁሉ ስሕተት ሆኖ እንዳይገኝ ነው። እኔ ማሽን ሲዞር ድምፁን ሰምቼ የትኛው ኩሽኔታ እንደሄደ እለያለሁ፤ ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ልጄም ከመጽሐፍ አያገኘውም። የልጄ ማይክሮሜትር መጀመሪያ የገባ ጊዜ ሠራተኞቹ ወደ እኔ ነበር የሚያዩት። እርሱ ግን አንድ መልካም ነገር አደረገ፤ መጀመሪያ የለካው እኔ የቆረጥሁትን ሳይሆን ራሱ የቆረጠውን ነበር፤ ከልኩ ሲወጣም በሁሉ ፊት ጣለው። ከዚያ በኋላ የእኔንም አምጥቼ አስለካሁት።

ስለዚህ ዘንግና ኩሽኔታ፣ አባትህ ዝም ሲሉ ወደ ሠራተኛው አትመልከት፤ ማታ ሠራተኛው ከሄደ በኋላ ሁለታችሁ ብቻ ተነጋገሩ። በድምፅ የሚለዩትንም በመዝገብህ ላይ ጻፈው፤ «አባቴ ይህን ድምፅ ሰምተው ይህን አሉ፣ ስንከፍተው ይህ ሆኖ ተገኘ» ብለህ። ያ ደግሞ ምርምር አይደለም እንዴ?

መምህሩ ስለ ትምህርት ላሉት አንድ ነገር ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን ይመራ የነበረው፣ ከመጀመሪያውም በተግባር ላይ ያተኮረ ነበር። በጅማ ትምህርትና እጅ አብረው ነው ያደጉት፤ አሁን ለመለያየት ምክንያት አይታየኝም።

ሲቪሏ_መሐንዲስ

እኔ የሄድሁበት መንገድ ተመሳሳይ ሆኖ ዘርፉ ግንባታ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ እርጥበት ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላማ አፈር ላይ ነበር፤ ዛሬ በአባቴ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። በጅማ አካባቢ ከፍታው ላይ ያለው ቀይ አፈርና በሜዳው ላይ ያለው ጠቆር ያለ አፈር ጠባያቸው የተለያየ ነው፤ ድርጅታችን ግን ለዓመታት መሠረትን ለሁሉም ቦታ በአንድ ልማድ ነበር የሚቆፍረው። ዓመታዊ ዝናቡ ወደ 1,500 ሚሊሜትር በሚጠጋ ከተማ በበጋ ተቆፍሮ በክረምት የሚያብጥ አፈር ላይ ቀላል ግድግዳ ቢቆም ስንጥቁ በሁለተኛው ዓመት ይታያል። ከባድ ሕንፃ በክብደቱ አፈሩን ይጫነዋል፤ የሚጎዳው ይልቁንም ቀላሉ የአጥር ግንብና ባለ አንድ ፎቅ ቤቱ ነው። ይህን ለደንበኛ ማስረዳት ከጥናቱ በላይ ከብዶኛል፤ ደንበኛው በትንሽ ቤት ላይ ለአፈር ምርመራ ገንዘብ ማውጣት አይታየውም። እኛም የምርመራውን ዋጋ በውሉ ውስጥ ማካተት ጀመርን፤ የማይስማማ ደንበኛ ሲመጣ አባቴ «ልጄ ካልፈረመች አልጀምርም» ይሉታል። በዚህ ዐረፍተ ነገር ምክንያት የጠፋ ሥራ አለ፤ አባቴ ግን አልቀየሩትም።

የሴት ልጅን ጉዳይ ማንም ስላላነሣው እኔ ላንሣው። የቤተሰብ ድርጅት ሲባል ሁሉም ወንድ ልጁን ነው የሚያስበው። እ.ኤ.አ. በ1869 የብሩክሊን ድልድይን የነደፈው ጆን ሮብሊንግ ሲሞት ሥራውን የተረከበው ልጁ ዋሽንግተን ነበር፤ እርሱም የድልድዩን መሠረት ለመሥራት በታመቀ አየር ውስጥ ሲወርድ ታምሞ ከቤት መውጣት ሲያቅተው፣ ባለቤቱ ኤሚሊ ትእዛዙንና ስሌቱን ለመሐንዲሶቹ እያደረሰች፣ ራሷም ሙያውን እያጠናች፣ ድልድዩ በ1883 እስኪከፈት ድረስ ሥራውን አዘለቀችው። የቤተሰብ ምህንድስና በታወቀው ምሳሌው ላይ እንኳ ያለ ሴት አልቆመም። በጅማም ወርክሾፕና ድርጅት ያላቸው አባቶች ሴት ልጆቻቸውን በክረምት ወደ ሳይት ይዘዋቸው ይሂዱ፤ እኔን አባቴ ይዘውኝ ባይሄዱ ኖሮ ይህን ሙያ አልመርጠውም ነበር።

ዕጩ_ተመራቂ

እኔ የአምስተኛ ዓመት የሜካኒካል ተማሪ ነኝ፤ አጎቴ ወርክሾፕ አላቸው። ከተመረቅሁ በኋላ በቀጥታ ልግባ ወይስ እንደ እርስዎ ሁለተኛ ዲግሪ ልያዝ? ኢንተርንሺፑን ያሳለፍሁት በትልቅ ፋብሪካ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ብዙውን ጊዜ ቆሞ ከማየት በቀር ማሽን አልነካሁም።

ዘንግና_ኩሽኔታ

ለሁላችሁም በቅደም ተከተል።

የሕግ ባለሙያዋ እኅታችን ያነሣሽው የእናቴ ጉዳይ በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም ነበር። ትናንት ለአባቴ አነበብሁላቸው፤ «እርሷ ያልፈረመችበትን እኔም አልፈርምበትም» አሉ። የድርጅቱን ንብረት የሚገምት ሰው ለመፈለግ ተስማምተናል፤ ሁለት እኅቶቼም ግምቱ ሲፈረም ይገኛሉ።

ጋሼ፣ ስለ ድምፁ ያሉት ከሁሉ ይበልጥ ልቤን ነክቶታል። በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ፤ ርእሱም «ከመከፈቱ በፊት የተሰማው» የሚል ነው። ዘንድሮ ሙሉውን የለቀማ ወቅት አባቴ የሚሉትን እየጻፍሁ፣ ሲከፈት ከተገኘው ጋር አስተያያለሁ።

ሲቪሏ እኅቴ፣ የምርመራውን ዋጋ በውል ውስጥ ማካተት የሚለውን ሐሳብ እወስደዋለሁ፤ ዘንግን በብየዳ ሞልቶ እንደገና መቁረጥንም እንዲሁ በዋጋ ዝርዝራችን ላይ ለብቻው ማሳየት እንችላለን፤ ደንበኛው ለምን እንደሚከፍል ይታየዋል።

ዕጩ ተመራቂው፣ ወንድሜ፣ አጎትህ ዘንድ ቢያንስ አንድ ሙሉ የሥራ ወቅት ሳትሠራ ስለ ሁለተኛ ዲግሪ አትወስን። እኔ የምርምር ርእሴን የመረጥሁት ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ማሽን ስለነበር ነው፤ ጥያቄው ከእጅህ ከመጣ ጥናቱ ይቀልልሃል። ወደ ትምህርት ስትመለስም መዝገብህን ይዘህ ተመለስ።

መምህር፣ ወደ እርስዎ ጉዳይ ልመለስ። የየጣቢያውን የክፍተት ልክ፣ የተቆጠረውን ስንጥቅ ፍሬና የምሽት ቮልቴጅ ንባብ ለተማሪ የመመረቂያ ጥናት ለመስጠት ድርጅታችን ፈቃደኛ ነው። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ የማኅበራቱና የጣቢያዎቹ ስም በጥናቱ ውስጥ እንዳይጠቀስ፣ ተማሪውም ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ቢያንስ እስከ ኅዳር መጨረሻ ከእኛ ጋር ወደ ጣቢያዎቹ እንዲወጣ።

መምህር_ከጅማ

በአቋሜ ገና ሙሉ በሙሉ አልተስማማህም፣ እኔም በአንተ። ያቀረብኸው ግን በተግባር የሚታይ ነገር ስለሆነ እቀበለዋለሁ። ኢንተርንሺፕ የሚወጡትን ተማሪዎች የምንመድብበት ጊዜ እየደረሰ ነው፤ ሁለት ተማሪ ልላክ፤ አንዱ በመፈልፈያው ክፍተት፣ ሌላው በቮልቴጁ ላይ። ለቮልቴጁ ተማሪ በየአሥር ደቂቃው የሚመዘግብ መሣሪያ ከላቦራቶሪ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠይቄ እዚሁ እጽፍልሃለሁ። እስከዚያው የትኞቹ ጣቢያዎች በአንድ ትራንስፎርመር ላይ እንደሚገኙ ለይተህ አዘጋጅልኝ፤ ያለዚያ የንባቡ ልዩነት ከመስመሩ ርዝመት ይሁን ከጎረቤት ጭነት መለየት አንችልም።

ዘንግና_ኩሽኔታ

እሺ። የጣቢያዎቹን ዝርዝር ከየትራንስፎርመራቸው ጋር በዚህ ሳምንት አዘጋጃለሁ። የአጋሮው ወንድማችንም ፈቃዱ ከሆነ የእነርሱን ጣቢያ መጀመሪያ ላይ አስገባዋለሁ፤ በመስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው የእነርሱ ነውና።

የአጋሮ_ቴክኒሻን

ፈቃዴ ነው። ሊቀ መንበሩን አነጋግሬ ደብዳቤ አጽፋለሁ፤ ተማሪው ግን የዝናብ ልብስና ቦት ጫማ ይዞ ይምጣ፤ መንገዱ በጥቅምትም ገና ጭቃ ነው።